የሺሃረግ ከማን ጋር ናት?

የሺሃረግ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። አሜሪካ ውስጥ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። በአካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ዕድር የምግብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነች ሰው በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። ያሰበችውን ፊት ለፊት ትናገራለች፤ ለዚህም የሚወዳትም የሚሸሻትም አለ።

ጣጣው የጀመረው የጓደኛዋ የዕፀ ሕይወት ልጅ ሐሴት፣ ኬይላ የምትባል አሜሪካዊት ልታገባ የሰርግ ጥሪ ስትልክላት ነው። ሐሴትን በልጅነቷ፣ እናቷ ሥራ ስትገባ እየተቀበለች አብልታታለች፣ አስተኝታታለች። ጥሪውን እንዳላየች ማለፍ አልሆነላትምና ደወለችላት።

«ልጄ፣ ሰርጉ ላይ አልገኝም። በሃይማኖቴ ይሄ ጋብቻ አይደለም። ግን እወድሻለሁ፤ ቤቴም ቤትሽ ነው።»

«ኖ፣ አንቲ፣ እንደዛ አይሆንም። ማለቴ፣ ማሪጄን ሪጄክት አድርገሽ እኔን ልትወጂኝ አትችይም።»

«አንቺን መቼ ሪጄክት አደረግኩሽ?»

ሐሴት ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ የሺሃረግ ስትደውል አታነሳም።

የሐሴት አባት ይገዙ ግን ሰርጉ ላይ ተገኘ፤ ልጁን መርቆ ዳረ። ወሬው ለዕድሩ ሲደርስ ሊቀመንበሩ አቶ ከፍያለው በስብሰባ ላይ አነሱት። «እዚህ አገር እስካሁን አንድ አድርጎ ያቆየን እምነታችን ነው። ዝም ካልን ለልጆቻችን ምን ብለን እናስተምራለን? እንዲህ ያለውን የደገፈ አባል ይውጣ» አሉ። ይገዙ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

የሺሃረግ ተነሣች። «አቶ ከፍያለው፣ እኔም ጋብቻውን አልቀበልም። ግን ዕድር ሬሳ ሊያነሳ ነው የተቋቋመው። የሰው ቤት ሊመረምር ነው እንዴ?»

«ሶ ትደግፊያለሽ ማለት ነው» አለ አንዱ ከጎን።

«አልደገፍኩም! ሰርጉ ላይ እንኳ አልሄድኩም!»

«ታዲያ ከማን ጋር ነሽ?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ አዳራሹ ግን በአንድ ጊዜ ጮኸና የሚሰማት ጠፋ። ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ያ ቀን ሳይደርስ ይገዙ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። ወዲያው አቶ ከፍያለው የሺሃረግ ጋ ደወሉ። «ዕድሩ ይደርሳል። ግን ያቺ ፈረንጅ ከሐዘንተኞቹ ጋር እንዳትቀመጥ። የቤቱ ሰው ስለሆንሽ አንቺ በዘዴ ንገሪያቸው።»

«አልናገርም። ከደፈሩ ራስዎ ይንገሯቸው» አለችና ምስር ወጡንና አልጫውን መኪናዋ ላይ ጭና ዩለስ ወዳለው የዕፀ ሕይወት ቤት ነዳች።

ሳሎኑ ውስጥ ኬይላ ጥቁር ለብሳ ከሐሴት አጠገብ ተቀምጣለች። የሺሃረግ ዕፀ ሕይወትን አቅፋ አለቀሰች፤ ሐሴትን አቀፈች፤ ኬይላንም ጨበጠቻት። ሐሴት እጇን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደቻት።

«ዕድሩ ዋይፌን አትቀመጥ ብሏል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እኔ እምቢ ብያለሁ።»

«ሶ አሁን ማሪድ ነን ብለሽ ታምኛለሽ?»

በዚህ ቀን የሺሃረግ አዎ ብላ ብታልፈው ምን ነበረበት? ግን አልወጣላትም። «አላምንም፣ ልጄ። ግን ከአባትሽ ለቅሶ ማንም አያስነሳትም። እኔ እያለሁ አይሆንም።»

«ሁሌ ‹ግን› አለሽ!» ብላ ሐሴት አለቀሰች። የሺሃረግ ላጽናናሽ ብትላት እጇን መነጨቀቻት።

አቶ ከፍያለው ከጥቂት አባላት ጋር መጡ። ዕፀ ሕይወትን አጽናኑና ሐሴትንና ኬይላን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ወጡ። የሺሃረግ መኪናቸው ድረስ ተከተለቻቸው።

«አባቷ ሞቶባት ‹እግዜር ያጥናሽ› ማለት ምን ይጎድልብዎታል?»

«አንቺ ሁለት ቦታ ቆመሻል፣ የሺሃረግ። አንዱን ምረጪ።»

«አንድ ቦታ ነው የቆምኩት! እናንተ ናችሁ ከዚያም ከዚህም የምትገፉኝ!» ጩኸቷ ሳሎኑ ድረስ ተሰማ። እሳቸው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ከቀብሩ በኋላ ዕድሩ ድምፅ ሰጠ። እንዲህ ያለ ጋብቻ የደገፈ ቤተሰብ በአባልነት አይቀጥልም ተባለ። የሺሃረግ ተቃወመች፤ አብረዋት እጃቸውን ያወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ዕፀ ሕይወት ውሳኔውን ስትሰማ «እኔም አልፈልጋቸውም» ብላ ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድሩ ማውራት ተወች።

የሺሃረግ ከዕድሩ ለመውጣት ብዙ ጊዜ አሰበች። ግን ነገ ለሌላው ሐዘንተኛ ማን ያበስላል? እዚያው ቀረች፤ መቅረቷም ያናድዳታል። ዕፀ ሕይወት ቤት መሄዷን አላቋረጠችም። ሐሴት እዚያ ካገኘቻት ሰላም ብላት ኬይላን ይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ትወጣለች። ባለፈው እሑድም እንዲሁ አደረገች። የሺሃረግ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ከላይ የሚሰማውን የሁለቱን ሳቅ እየሰማች፣ «ምን ብዬ ልንገራት?» አለች።

«ነግረሻታል እኮ» አለች ዕፀ ሕይወት። «ሰምታሻለች። አልተቀበለችሽም፣ በቃ።»