ህንድ ሆኜ ለወረታ ሥራ ስዘጋጅ

ህንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ስል ወረታ ላይ የሩዝ ባለሙያ እንደሚፈለግ ሰማሁና አመለከትኩ። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነው ተባልኩ። ያን ሥራ የፈለግኩትን ያህል የፈለግኩት ነገር የለም። ከቤተሰቤ ከተለየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ይሄ ካመለጠኝ ደግሞ የት እንደምመደብ እግዜር ይወቅ።

ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ቢጠይቁኝ ግድ አልነበረኝም። መልሴን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ብቻዬን ስለፈልፍ ጎረቤቶቼ አበደች ሳይሉኝ አይቀሩም። የፈራሁት የዘንድሮው ክረምት ጎርፍ ማሳውን ምን እንዳደረገው እንዳይጠይቁኝ ነበር። ስለዚህ እዚያው ወረታ አጠገብ፣ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ ለሚያመርቱት አባቴ ደወልኩላቸው።

"አባ፣ ክረምቱ እንዴት ነው? ውኃው አስቸገራችሁ?"

"ኧረ ምንም አላደረገን! እንደ ልማዱ መጣ፣ ሄደ። ሩዙም ደግ ነው፣ ከብቱም ደግ ነው። አንቺ ብቻ በርቺ ልጄ።"

ያሉትን ሁሉ ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት።

ቀኑ ደረሰ። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ፣ ድምፁ ጎርነን ያለው ሰውዬ፣ የፈራሁትን ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዘንድሮ ውኃው ጉዳት እንዳላደረሰ አስረዳሁ። ሰውዬው ቀጠለ።

"ማን ነገረዎት?"

"አባቴ። ቁሐር ገበሬ ናቸው።"

ሳቃቸውን ለቀቁት። "እህቴ፣ ቁሐር እኮ ውኃ ውጦታል! ትናንት በታንኳ ነው የገባነው። ውጭ አገር ላለ ልጅ ማን ክፉ ወሬ ይነግራል ብለው ነው?"

ፊቴ ጋለ። እንዴት ረሳሁት! እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው መርዶ እንኳ እስኪመጣ ይቆየዋል። እኔስ ብሆን ወባ ጥሎኝ ሆስፒታል ተኝቼ "ጉንፋን ነው" ብያቸው የለ? አፍሬ ሳበቃ እኔም ሳቄ መጣ። "እንግዲያው ያልኩትን ተዉልኝና፣ ውኃ የዋጠው ማሳ እንዴት እንደሚያገግም ልንገራችሁ" አልኩ። እሱንስ አሳምሬ አውቀው ነበር።

በሳምንቱ ተቀበሉኝ። አባቴ ሲሰሙ "ተመስገን፣ ተመስገን" አሉ።

"መቼ ነው የምትመጪ?"

"ቲኬቴን ቆርጫለሁ፣ አባ። በወሩ መጨረሻ።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲያስ ስሚኝ" ብለው ጀመሩ። ሩዙን ውኃ ወስዶታል። ቀዩ በሬ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የጎተራው ክዳን ፈርሷል። ሦስት ዓመት አፍነው የያዙትን ሁሉ ዘረገፉልኝ፤ እኔም እያለቀስኩ፣ ደስም እያለኝ ሰማኋቸው። ምን ልላክልዎ ባልኩ ቁጥር "ምንም" ሲሉኝ የኖሩት አባቴ በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"ጉልበቴንም ያመኛል ልጄ። ስትመጪ የሚቀባ ነገር ያዢልኝ።"