ኮሰረት የሸተተ ሹሩባ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ፀጉር ከምሠራበት ሳሎኔ መጣች። ልጅቱ ራሷን በሻርፕ ጠምጥማለች፤ ፊቷን አጨፍግጋለች። እናትየው «እህቴ፣ እባክሽ የዚችን ልጅ ፀጉር አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ እኔስ ደከመኝ» አለችና ሻርፑን ስትፈታው ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ አብሽ። ልጅቱ ራስ ላይ የተቀባው ለወጥ የተነጠረ ቅቤ ነበር። እናትየው እዚሁ ኬንያ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቅቤ ሁሉ አንድ መስሏት ከአማቷ ጓዳ አንስታ ለቅልቃታለች። ሳቄ መጣ። ልውጠው ብል እምቢ አለኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እናትየው የተሾፈባት መስሏት ቅር አላት። «በአንቺ አይደለም የምስቀው» ብዬ ማልኩላት። እውነቴን ነው። የሳቅሁት በአባቴ ነበር።

መጀመሪያ ፀጉሬን ላስተዋውቃችሁ። ከርዳዳ ነው። ከርዳዳ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ወፍራም፣ ደረቅና በገዛ ፈቃዱ የሚኖር ነው። ጠዋት ተበጥሮና ተኝቶ ከቤት ይወጣል፤ ትምህርት ቤት ስደርስ ቆሟል። ሞያሌ ደግሞ እንዲህ ላለው ፀጉር አያዝንም። በበጋ ነፋሱ ቀዩን አቧራ ያነሳና ፀጉሬ ውስጥ አምጥቶ ያሳድረዋል። ውኃ የሚመጣው በአህያ፣ በጄሪካን ነው፤ መጀመሪያ ለመጠጥ፣ ከዚያ ለወጥ፣ ከዚያ ለልብስ፣ ከተረፈ ለራስ። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ እርጥበቱ ያሳብጠውና በር አያስገባኝም ነበር።

ጠባዩን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ መሃል ታስቀምጠኝና ከዳበል የምትመጣ ሴትዮ የምትሸጥላትን ለጋ ቅቤ እየቀባች ትሠራኝ ነበር። እንዴት እንደምታደርገው አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም። እኔ ሥራዬ ማልቀስ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያቤሎ ያለችው አክስቴ ወለደችና እናቴ አራሷን ልታግዝ ድንበሩን ተሻገረች። ስልክ ያኔ በየኪሱ አልነበረም፤ መቼ እንደምትመለስ እንኳ አናውቅም። እሷ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ማዳም የምንላት ዋና መምህርታችን ሰልፍ ላይ ወጥታ ሰኞ እንግዶች እንደሚመጡ ነገረችን። የኳየሩን መዝሙር ብቻዬን የምጀምረው እኔ ነበርኩ። «ሴቶች ሁሉ ማቱታ ተሠርታችሁ ትመጣላችሁ» አለች፤ ማቱታ እዚህ መስመር መስመሩን የሚወርደው ሹሩባ ነው። «ያልተሠራ ፀጉር ካየሁ እዚሁ እላጨዋለሁ።» ይህን ስትል የምታየው እኔን ነበር። መላጫ መሣሪያው ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ መኖሩን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

አባቴ የከብት ሎሪ የሚጠግን መካኒክ ነበር። ዘይት የጠጣች ሰማያዊ ኮፍያ ነበረችው፤ እሷን ሲያወልቅ ያየው ሰው የለም። ሲተኛ መብራት ጠፍቶ ነው የሚያወልቃት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ላለማውለቅ ብሎ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለስ ነበር። እናቴ «አንተን ከነኮፍያህ ነው የምንቀብርህ» ትለዋለች።

ያን ዓርብ ጋራዡ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። «ይላጭ! ተላጭቼ ልገላገለው!» አልኩት። ከሎሪ ሥር ተንፏቆ ወጣና አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ይሄ ፀጉር አይላጭም» አለኝ።

«ለምን?»

«የእናቴ ነው።»

አባቴ ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ጠረፍ ሲሻገር የለበሰውን ልብስ ብቻ ይዞ ነው የመጣው። የእናቱ ፎቶግራፍ የለውም። መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሲመጣ እሷ በሕይወት አልነበረችም። ስለ እሷ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አወራ። ጠዋት ሳትበጠር ስትነሳ ፀጉሯ በሩን ይሞላው እንደነበር፣ ሲቆጧት እንደምትስቅ ነገረኝ። «እሷ ፊት ኮፍያ አድርጌ ገብቼ አላውቅም፤ ገና ደጃፉ ላይ ነው የማወልቀው። ከእሷ ወዲያ ለማንም አላወለቅሁም» አለ። ከዚያም እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በይ ተነሺ፣ መላ እንፈልጋለን» አለኝ።

መላው ቀላል አልሆነም። ሹሩባ የምትሠራው ጎረቤታችን ለሰርግ ጎዶማ ሄዳለች። ቅዳሜ ከተማ ካለው ሳሎን ወሰደኝ። ባለሳሎኗ ሴትዮ ፀጉሬን ነካ ነካ አደረገችና «ይሄ ካልተለሰለሰ አይያዝም» ብላ የማለስለሻውን ጣሳ ከፈተች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይሄማ የባትሪ አሲድ ነው!»

«ወዌ ፉንዲ!» አለችው፤ አንተ ፉንዲ ማለቷ ነው፤ እዚህ መካኒኩም አናጢውም ፉንዲ ነው። «እኔ ጋራዥህ ገብቼ ሎሪህን አሽትቼ አውቃለሁ?»

«እኔ ልጄ ራስ ላይ አሲድ አላፈስም» አለና እጄን ይዞ ወጣ። ቤት ልንደርስ ስንል «እኔው እሠራሻለሁ» አለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ።

እሑድ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ የሎሪ ጎማ ላይ አስቀመጠኝ። ሚዶውን ከሥሩ ሰክቶ፣ የዛገ ብሎን እንደሚፈታ ሰው ሳበው። ጩኸቴ ድንበር ተሻግሯል ብል አላጋነንኩም። ሁለቴ ሦስቴ ሞከረ፤ የሚዶው ጥርስ ተሰበረ። ሎሪው የሚጠገንለት ሾፌር መጥቶ በላያችን ቆመ።

«ፉንዲ፣ ጋሪ ያንጉ ጄ? መኪናዬስ?»

«መኪናህ ነገም መኪና ነው። የዚች ፀጉር ግን ለነገ ሰኞ መድረስ አለበት።»

ሾፌሩ ሁኔታዬን አየና ሳይከራከር ሌላ ጎማ ፈልጎ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ አልሄደም። አባቴ የተሰበረውን ሚዶ ይዞ፣ እንቢ ያለ ሞተር ፊት እንደሚያደርገው፣ ዝም ብሎ ፀጉሬን አየው።

«ሞተር ሲግል ምን እናደርጋለን?» አለኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ስላደግሁ አውቀዋለሁ።

«ውኃ እንጨምራለን።»

«ዘይት ብቻ ጨምሬ ባስነሳውስ?»

«ነክሶ ይቆማል።»

ተነስቶ ለመጠጥ ያስቀመጥነውን ጄሪካን ይዞ መጣ። ሾፌሩ «ኧረ ያንን ውኃ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ አልሰማውም። እያፈሰሰ በጣቱ ከፋፈለው፤ ፀጉሬ ውኃውን ሲጠጣ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ከጫፉ ጀመረ፤ ትንሽ ትንሽ እየያዘ፣ ጫፉን ፈትቶ ወደ ላይ፣ እንደገና ጫፉን ፈትቶ ወደ ላይ። አላመመኝም። ማልቀሴን አቆምኩ።

«አየሽ» አለኝ፣ «አመጸኛ አይደለም። ጠምቶት ነው።»

ዛሬ ሳሎኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም። መጀመሪያ ውኃ፤ ከዚያ ውኃውን የሚይዝ ቅባት፤ ከጫፍ ወደ ሥር፤ ፀጉሩ ደርቆ ሳለ በጭራሽ አትበጥሩት፤ በሻሽ ሸፍናችሁት እደሩ። ደንበኞቼ ናይሮቢ ኮርስ ወስጄ ያመጣሁት ይመስላቸዋል። ኮርሱን የወሰድኩት የሎሪ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው።

የቅቤው ነገር ግን ሌላ ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሁለት ጣሳ ነበሯት። አንደኛው ለጋው ነው፤ በዚያ ሙቀት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደፍርሶ ጎምዘዝ ብሏል። ሁለተኛው ንጥሩ ነው፤ ወርቅ መስሎ ያበራል። አባቴ ሁለቱንም ብርሃን ላይ አውጥቶ አያቸውና ንጥሩን መረጠ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የወጥ ነው» አልኩት።

«የቱ ነው የተጣራው?»

«እሱ።»

«እና? የደፈረሰ ዘይት ሞተር ውስጥ ስጨምር አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሽታው ደግሞ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ ይል ነበር፤ እናቴ ከሄደች ወዲህ ቤታችን እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም። አባቴ አልሰሰተም። ከቀባኝ በኋላ የሎሪ ጭነት በሚያስርበት አገማመድ እየገመደ ሠራኝ። ጣቶቹ ወፍራም ስለነበሩ መስመሩ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር፤ አስፋልት ሳይለብስ በፊት የነበረውን የኢሲዮሎ መንገድ ያየ ሰው ሹሩባዬን አየው ማለት ነው። ጫፍ ጫፉን በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጠቀለለው። ፀሐይ ስትገባ ጨረሰ። ጣቶቹ ተቆልምመው አልዘረጋ ብለውት እራቱን በማንኪያ በላ። መስታወት አምጥቶ ሲያሳየኝ «ቆንጆ ነው» አልኩት። ቆንጆ አልነበረም፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገና ሲቀዘቅዝ ምንም አልነበረም። ሰልፍ ላይ ቆመን ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነው ቅቤው መቅለጥ የጀመረው። በጆሮዬ ጀርባ፣ በማጅራቴ፣ ወደ ሸሚዜ ወረደ። ሽታው ሰልፉን ተከትሎ ሄደ። ከኋላዬ የቆመችው የቦረና ልጅ «ኡርጋን ኩን ማሊ?» እያለች ሽታው ምን እንደሆነ ጎረቤቷን ጠየቀች። አንዱ ልጅ ራበኝ አለ። ማዳም አፍንጫዋን አነሳች።

«ናኒ አመበባ ቻኩላ? ማነው ምግብ የያዘ?»

ምግብ የያዘ የለም። ቦርሳ ሁሉ ተከፍቶ ተፈተሸ። ማዳም ሽታውን እየተከተለች፣ በረድፉ መሃል እያለፈች መጥታ እኔ ፊት ቆመች። ዙሪያዬን ዞረች። መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው፤ አንዱ ጆሮዬ ጋ ደርሶ ጠፋባት። ናስትሮውን ነካችው።

«ማነው የሠራሽ?»

«ባባ።»

«ባባ ምዌንዬዌ? አባትሽ ራሱ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። መሳቢያዋ ታየኝ። መላጫውም ታየኝ። ከዚያ ደግሞ አባቴ በተቆለመሙ ጣቶቹ ማንኪያ ሲይዝ ታየኝና ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። «ማዳም፣ አይላጭም!» አልኩ፤ እንዲያ ጮክ ብዬ ለመናገር አላሰብኩም ነበር። «የአያቴ ፀጉር ነው። ፎቶ የላትም።»

ማዳም መሐረቧን አውጥታ በማጅራቴ የሚወርደውን ቅቤ ጠረገችልኝ።

«ምዋምቢዬ ባባ፤ ለአባትሽ ንገሪው» አለች፣ «ሳምንት ሲሠራሽ ቢዛሪውን ይቀንስ።» ቢዛሪ ቅመም ነው። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ።

መዝሙሩን ጀመርኩ። ዝንብ እየዞረኝ፣ ናስትሮው ፀሐይ ላይ እያበራ፣ እንደዚያን ቀን አምሮልኝ ዘምሬ አላውቅም። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ አንደኛው ጎንበስ ብሎ ምሳ ምን እንደተሠራ ማዳምን ጠየቃት። የተሠራው ሩዝና ቦሎቄ ነበር፤ ሰውየው ቅር ሳይለው አልቀረም።

እናቴ ስትመለስ ጣሳውን ከፍታ አየችው። «የፋሲካዬን ቅቤ!» አለች። የሆነውን ስንነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሲበርድላት መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ፀጉሬን የሚሠራኝ አባቴ ሆነ። ሚዶዬ ከመፍቻዎቹ ጋር እቃ ሳጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። ኒም ዛፉ ሥር ሳድግ፣ መስመሮቹም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀኑ ሄዱ። እናቴን ከቀበርን በኋላም እንኳ፣ እኔ አግብቼ ሳሎን ከፍቼ ሳለ፣ እሑድ ጠዋት መምጣቱን አልተወም፤ አሁን ዓይኑ ስለደከመ አይሠራኝም፤ ተቀምጠን እናወራለን።

የቅዳሜዋን ልጅ አጥቤ፣ ፀጉሯን አርጥቤ፣ ከጫፍ ጀምሬ ፈታሁላት። እናትየዋም ታሪኩን ሰምታ ስቃ ሄደች። በማግስቱ እሑድ ሳሎኑን ዘግቼ የራሴን ፀጉር አጠብኩ። ከፊት በኩል ሽበቱ በዝቶብኛል፤ ጥቁር ቀለም በጥብጬ ሳህን ላይ አስቀምጬ ነበር። ፀጉሬ ሳይበጠር እንደ ደረቀ ቆሟል፤ ነጭና ጥቁር ሆኖ በሁሉም በኩል ሄዷል። የአባቴን የእግር ኮቴ ሰማሁና የልጅቱን ነገር ልነግረው እየሳቅሁ በሩን ከፈትኩ።

አልገባም። ደጃፉ ላይ ቆመ። በደከመ ዓይኑ አየኝና እጁ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሄደ፤ ኮፍያውን አወለቀ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መላጣውን አየሁት፤ ፀሐይ አይታው የማታውቅ፣ እንደ ሕፃን ራስ የለሰለሰ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ራሱ ተመለሰና ኮፍያውን አየው።

«ሙቀቱ ነው» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ ይሞቃል» አልኩት። እጁን ይዤ አስገባሁትና ቀለሙን ከነሳህኑ ወስጄ ደፋሁት።