ባሌ ሶፋ ላይ ሆኖ የወጣው ተራራ

ልጃችን ተራራ ለተራራ በእግሯ ልትሄድ መሆኑን የነገረችን የፋሲካ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ከአሜሪካ ድንበር ተነስታ፣ የሮኪን ተራሮች እየተከተለች ወደ ሰሜን፣ ሁለት ወር ያህል። ድንኳኗንና ምግቧን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ለዚሁ ብላ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቃ ተፈቅዶላታል።

"ለምንድን ነው የምትሄጂው?" አልኳት።

"ማሚ፣ ላይክ… አይ ኒድ ቱ ፋይንድ ማይሰልፍ።"

"ራስሽን የት ጥለሽው ነው?"

አልሳቀችም። አባቷም አልሳቀም። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሺፍቴን በሙሉ ቆሜ እውላለሁ፤ ሽማግሌ ከአልጋ አነሳለሁ፣ ዊልቸር እገፋለሁ፣ ቤቴ ስገባ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። በእግር መሄድ ማለት ለኔ ባስ ያመለጠው ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ሞቃት አልጋ እያለው ፈልጎ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። አንድ ቀን ኩሽና ስገባ የጥርስ ብሩሿን እጀታ በኔ ቢላ እየቆረጠች አገኘኋት። የቦርሳዋን ክብደት ለመቀነስ ነው አለችኝ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አራት ዓይነት ቸኮሌት ተደርድሯል።

ጁላይ መጀመሪያ ላይ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ከሷ ይልቅ የሚመለከተው ባሌን ነው።

ባሌ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂ ነው። ያን ክረምት ትከሻውን ታሞ ዶክተሩ እረፍት አዞለት ቤት ይውል ነበር። ከመኪናው እስከ ገበያ ሞሉ በር ያለችውን መንገድ ለማሳጠር ፓርኪንግ ሎቱን አራት ጊዜ የሚዞር ሰው ነው። ኤሪን ውድስ የሚባለው ሰፈር ከገባን አሥራ አራት ዓመታችን ነው፤ አንድም ቀን እስከ ሰፈራችን ሜዳ ድረስ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። የጎረቤታችን ውሻ፣ ድመት የምታህል ነገር፣ አጥር ስር ስትጮህ ደረጃውን ሁለት ሁለት ይወጣል።

ልጅቷ ቦርሳዋ ላይ ያንጠለጠለቻት፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል ብርቱካናማ መሣሪያ አለች። በየአሥር ደቂቃው ያለችበትን ቦታ በሳተላይት ትልካለች፤ እኛም ስልካችን ላይ፣ ካርታ ውስጥ፣ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ እናያለን። ድምፅ የለም፣ ፎቶ የለም። ማታ ማታ ልጅቷ አንዲት ቁልፍ ስትጫን "ደህና ነኝ" የሚል መልእክት ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባሌ ከዚህች ነጥብ ሃይማኖት ሠራ። በሁለተኛው ቀን ካርታውን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አወጣው። በአራተኛው ቀን ከቤተ መጻሕፍት የድብ መጽሐፍ ተውሶ መጣ። ሽማግሌ እያጠብኩ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ አነሳለሁ።

"ወንዙን ተሻገረች" ይለኛል።

"ሥራ ላይ ነኝ" እለዋለሁ።

"ከወገብ በላይ አይደርስም ነበር ውሃው" ይለኛል፣ አብሯት የተሻገረ ይመስል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወንዶቹ ይከቡታል። "የት ደረሰች?" ይሉታል። እሱ ስልኩን አውጥቶ ያስረዳል። ድብ ሲያጋጥም መሮጥ እንደማይገባ፣ ካልሲ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚቀየር፣ ዳገት ላይ በአፍንጫ እንጂ በአፍ እንደማይተነፈስ። ይህን ሲናገር አዳራሹ ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃ ወርዶ ገና ትንፋሹ አልተመለሰለትም። አንዷ እትዬ እጄን ይዘው "ምን ዓይነት ጀግና ነው የወለድሽው" አሉኝ። እኚሁ እትዬ ዓመት ሙሉ ልጄን ባዩ ቁጥር "መቼ ነው የምታገቢው?" ሲሉ የኖሩ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ሳሎኔ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ኳስ ያለ መሰለኝ። ነጥቧን እያዩ ነው። ነጥቧ ደግሞ አትንቀሳቀስም፤ ልጅቷ ምሳ እየበላች ይሆናል። አሥራ ሁለት ጤነኛ ሰው የማትንቀሳቀስ ነጥብ ያያል። ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። የደን ቃጠሎው ጭስ ከተማውን ሸፍኖት ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀልታለች። ሽሮ አልቆብኝ ፎረስት ሎን የሚባለው ሰፈር ሄድኩ፤ አሥራ ሰባተኛው አቬኑ ላይ ካለው ሱቅ ገዝቼ ወጣሁ። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ባሌ ደወለ።

"ዳገቱን ጀመረች" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ የታመመ ሰው አጠገብ ያለ ይመስል። "ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ናት። ላይ ላይ ንፋስ ይኖራል። ጸልዪላት።"

ቀና ስል ልጄ ፊት ለፊቴ ናት። ፐርፕል የሚባለው ባስ ፌርማታ ላይ ቆማ ሳምቡሳ ትበላለች።

አየችኝ። አፏ ሙሉ ነው። አላኘከችም፣ አልዋጠችም።

"እሺ፣ እጸልያለሁ" አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ።

ፌርማታው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባሱ መጣ፣ ሄደ። መጀመሪያ እግሯን ነው ያየሁት፤ ሁለቱም አሉ። ከዚያ ፊቷን። ከሳ ያለች ይመስለኛል፣ አፍንጫዋም ተልጧል፤ ሌላ ምንም የላትም።

"አመመሽ?"

"ኖ።"

"ድብ አየሽ?"

"ኖ፣ ማሚ። በቃ አልወደድኩትም።" ሳምቡሳዋን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። "ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተነሳሁና፣ ላይክ፣ አልወደድኩትም። ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ትንኝ ነው። የተቀረው ዛፍ ነው። ከዛ ደግሞ ሌላ ዛፍ።"

"መሣሪያሽስ?"

"መንገድ ላይ የተዋወቅኳት ልጅ ይዛዋለች። የሷ ተበላሽቶባት ነበር። ማታ ማታ ቁልፏን ተጫኝልኝ አልኳት።"

አሥር ቀን ሊሞላት ነው ከተመለሰች። ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር፣ የጓደኛዋ ቤዝመንት ውስጥ ነበር የምትኖረው። ከቤታችን በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ለምን ቤት እንዳልመጣች ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ስምንተኛው ቀን ላይ አንድ ትንሽ ከተማ ደርሳ ስልኳን ስትከፍት ያገኘችው ፎቶ ነው። የኔ ሳሎን። አሥራ ሁለቱ ሰዎች። አባቷ መሃላቸው ቆሞ በሪሞት ቴሌቪዥኑን ያመለክታል፣ እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ። ከሥሩ "ሁላችንም አብረንሽ እየሄድን ነው" ብሎ ጽፏል።

"በዚህ ላይ እንዴት አድርጌ ልመለስ?" አለችኝ።

መተዋ አላናደደኝም። እውነቱን ለመናገር ዕድሜዋን ሙሉ ካደረገችው ሁሉ አእምሮ ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር ይኸ ነው ብያለሁ በሆዴ። የናቅኩት መደበቋን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ የሰው ደም የሚመረምር ሰው፣ ከአባቱ ፊት ሸሽቶ ቤዝመንት ውስጥ ኑድልስ ይበላል። ይህን ነገርኳት። አለቀሰች። ሳምቡሳውን ጨርሺ አልኳት።

ከዚያ እኔ ራሴ ያደረግኩትን ልናገር፣ ንቀቱ ለሌላው ብቻ እንዳይመስል። ቤት ሄጄ ለባሌ አልነገርኩትም። በሩን ስከፍት ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ትራስ ታቅፎ፣ "ወጣችው፤ ጫፉ ላይ ናት" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅሯል። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩና ሽሮዬን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ። ለአሥራ አንድ ቀን እንዲህ ኖርኩ። ከሥራ ስወጣ በዲርፉት አውራ ጎዳና በኩል ዞሬ ለልጄ ምግብ አደርሳለሁ፤ ከዚያ ቤት ገብቼ ልጄ የት እንደደረሰች ከባሌ እሰማለሁ።

በአሥረኛው ቀን ነጥቧ ቆመች። ጠዋት ቆማ ነበር፣ ከሰዓትም አልተነቃነቀችም። ተራራው ላይ ወጀብ እንዳለ የአየር ትንበያው ይናገራል። ባሌ ምሳውን አልበላም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ዳዊት መድገም ጀመረ። እኔ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። የኔ ልጅ ሜይላንድ ሃይትስ ተኝታ ፊልም እንደምታይ አውቃለሁ። ሆኖም እዚያ የቆመችው የአንዲት እናት ልጅ ናት፤ ስሟን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ልብሱን አስቀምጬ አጠገቡ ቆምኩ። "ለልጃችን" አለኝ። "አሜን" አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ጸሎቴን ግን አልዋሸሁም።

ነጥቧ አመሻሽ ላይ ተንቀሳቀሰች። ባሌ ያን ቀን ከደስታው የተነሳ አዲስ ነገር አሰበ። መንገዱ አስፋልት ወደሚያቋርጥበት ቦታ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትደርሳለች፣ እኛም ሄደን እንቀበላታለን አለ። እኔና እሱ ብቻ አይደለንም። ሦስት መኪና ሰው ከቤተ ክርስቲያን። ከበሮም ይኖራል።

ለልጄ ደወልኩ። "ከበሮ ይዘው ሊሄዱ ነው" አልኳት። "ወይ አንቺ ትነግሪዋለሽ፣ ወይ እኔ።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጣች። በሩን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ባሌ ሶፋው ላይ ነበር። ዞር ብሎ አያት፤ መልሶ ቴሌቪዥኑን አየ። ነጥቧ ሸለቆ ውስጥ ትሄዳለች። እንደገና ልጁን አየ። እኔ ይጮሃል ብዬ ነበር።

"ታዲያ ይቺ ማን ናት?" አለ፣ ወደ ነጥቧ እያመለከተ።

ነገረችው። በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "ዳገቱንስ?" አለ። "ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትሩን?"

"እኔ አይደለሁም፣ ዳዲ።"

ተነስቶ ወደ ጋራዥ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ምሳ አቀረብኩ፣ ሦስታችንም በላን። እኔስ አውቅ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሦስት ቀን አላናገረኝም። ይገባኛል።

እሑድ ልጅቷ "እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ" ብላ አብራን ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ሲያዩዋት ጨርሳ የመጣች መስሏቸው እልል ሊሉ ነበር። "አልጨረስኩም። በዘጠነኛው ቀን ነው የተውኩት" አለቻቸው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ቀና ብላ። ልጄን ያን ጊዜ አከበርኳት።

የቀሩትን ግን ምን ልበላቸው? "እኛማ ከመጀመሪያውም ብለናል" አሉ አንዱ ጋሼ፤ ሳሎኔ ውስጥ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነበሩ፣ ሶፋው ላይ ጥሩውን ቦታ የያዙት እሳቸው ናቸው። "ሴት ልጅ ብቻዋን ጫካ ምን ትሠራለች?" ጀግና ነው የወለድሽው ያሉኝ እትዬም እጄን ያዙኝ፤ "ባትሄድ ይሻል ነበር፣ ለጋብቻም ጥሩ አይደለም" አሉኝ። እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ለጋሼው "በእግሯ ዘጠኝ ቀን ሄዳለች። እርስዎ ዛሬ ከመኪናዎ ስንት እርምጃ ተራመዱ?" አላቸው። ካገባሁት ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ለሽማግሌ እንዲህ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም።

መሣሪያውን ይዛ የነበረችው ልጅ መንገዱን ጨርሳ ሴፕቴምበር ላይ ልትመልሰው ቤታችን መጣች። አጭር፣ ጸጉሯን የተላጨች፣ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ። ዶሮ ሠራሁላት። እንደሷ ሲበላ ያየሁት ሰው የለም፤ ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ ነው ያስቀመጠችው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን አበላል አልወድም፣ ግን ሁለት ጊዜ ጨመርኩላት። ስለ እናቷ ጠይቄያት ነበር፤ አይነጋገሩም።

ባሌ ፋታ አልሰጣትም። ያ ወንዝ እንዴት ነበር? ያ ዳገት? የወጀቡ ቀን ምን አደረገች? ሁሉንም ቦታ በስሙ ያውቀዋል፤ እሷ ግማሹን ረስታዋለች። የወጀቡ ቀን ድንኳን ውስጥ ተኝታ ካልሲ ስትሰፋ እንደዋለች ነገረችው። በመጨረሻ፣ ልቡ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ ስትወጣ ምን እንደተሰማት ጠየቃት።

ልጅቷ አሰብ አደረገች። "ኦነስትሊ?" አለች። "አብዛኛው ይሰለቻል። ዛፍ ነው።"

ልጄ ሳቀች፤ ውሃ አፏ ውስጥ ስለነበር ጠረጴዛዬ ላይ ረጨችው። እኔም ሳቅሁ። ባሌ አልሳቀም። ሁላችንንም ተራ በተራ አየንና፣ ምንም እንዳልገባቸው ሰዎች ቆጥሮን፣ ለልጅቷ ሌላ እንቁላል አወጣላት።