አባቴ ዶሮ ቤት የዋለ ዕለት

አባቴ ከጄኔቭ ሊጠይቀኝ የመጣው ጭጋጉ ዙሪክን ሸፍኖ በሰነበተበት በኅዳር ወር ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያው ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ ከእናቴ ጋር ይኖራል። እኔ ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ያለውን የቢሮ ሥራዬን ትቼ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚረቡበት እርሻ ከገባሁ ጀምሮ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም ነበር። አልተቆጣኝም፤ ስልክ በደወለ ቁጥር ግን ቢሮው መልሶ ይወስደኝ እንደሆነ ሳይጠይቅ አይዘጋም ነበር።

የዚያን ዕለት ባቡር ጣቢያ ተቀብዬው ምሳ ልጋብዘው አስቤ ነበር። ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስከፍት ግን አሞኒያው ዓይኔን አቃጠለኝ። ከኋላዬ የገባችው የእርሻው ባለቤት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፣ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች። ዶሮዎቹ እንዳይበርዳቸው ብለን የአየር መውጫዎቹን አጥብበናቸው ስለነበር እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ሰጋቱራ አርሶታል። አንድ እፍኝ ዘግኜ ብጨብጠው እንደ ጭቃ ተጣበቀ። ኩስና እርጥበት አብረው ሲሰነብቱ ነው አሞኒያ የሚወጣው፤ የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባም ይጎዳል። ለነገ የሚባል ሥራ አልነበረም።

ለአባቴ ደውዬ ነገሩን አስረዳሁትና ከጣቢያው በአውቶቡስ እንዲመጣ ለመንኩት። በተተኮሰ ካፖርትና በተወለወለ ጫማ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው።

"እዚህ ውስጥ ነው የምትውይው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ። እንዲህ የሆነው ግን ዛሬ ነው።"

ባለቤቲቱ ትምህርት ቤት በተማረችው ፈረንሳይኛ ሰላም አለችውና ቤት ገብቶ እንዲያርፍ ነገረችው። እሱ ግን ካፖርቱን አውልቆ ቦት ጫማ ጠየቀ። ያገኘንለት የሥራ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ። ሦስታችንም ሳቅን።

የአየር መውጫዎቹን ከፈትን። እንደ ቂጣ የጋገረውን ጉዝጓዝ በመንሽ እየፈነቀልን በእጅ ጋሪ አወጣን። ባለቤቲቱ በውሃው ቧንቧ ሥር መዳፏን እያስኬደች ስትፈትሽ አንዱ መጋጠሚያ እንደሚያንጠባጥብ ደረሰችበትና አጠበቀችው። አባቴ ጋሪውን ይዞ ሲመላለስ ዶሮዎቹ ከኋላው ይከተሉታል። መጀመሪያ እሽ እያለ ያባርራቸው ነበር፤ በኋላ የኔ እመቤት እያለ መንገድ ይለምናቸው ጀመር።

አዲስ ሰጋቱራ ስንበትን መጀመሪያ ሸሹ። ከዚያ አንዷ መጥታ ጫር ጫር አደረገችና በጎኗ ተኝታ በክንፏ ሰጋቱራውን ላባዋ ውስጥ ትነሰንሰው ጀመር። ወዲያው ወለሉ በሚንከባለሉ ዶሮዎች ተሞላ። ባለቤቲቱ ገላቸውን የሚታጠቡት እንዲህ እንደሆነ፣ እርጥብ ላይ ግን እንደማይችሉ አጫወተችው። አባቴ ከረጢት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ለእናቴ በቪዲዮ ደወለላት።

"ነይ እዪ" አላት። "ልጅሽ ባነጠፈችላቸው ላይ ሲንፈላሰሱ።"

እናቴ ያንን ሱሪ ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። የሥራ ልብስ መሆኑን ኮስተር ብሎ ነገራት።

ምሳ የበላነው አመሻሽ ላይ፣ በእርሻው ማድ ቤት ነው። ባለቤቲቱ እንቁላል ጠበሰችልን። አባቴ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ በአማርኛ አናገረኝ።

"ስለ ቢሮው ሁለተኛ አላነሳብሽም። እዚህ ፊትሽ ሌላ ነው።"

ደስ ብሎኝ ዳቦውን አቀበልኩት።

እሁድ በባቡር ሲመለስ እናቴ የምትወደውን ቡናማ እንቁላል በካርቶን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ስለ እንቁላሉ ጠየቀችው አሉ። እሱም ስለ እርጥበትና ስለ አየር መውጫ እየተነተነላት ሎዛን ደረሱ። ሴትዮዋ ስትወርድ ለልጅዎ ሰላምታ ያድርሱልኝ ብላዋለች፤ ሰላምታዋን ገና ባቡሩ ውስጥ ሳለ ደውሎ አደረሰልኝ።