ለዳኑታ የተቀመጠው ሳህን

ቬርሊን ምግብ ቤቱን የዘጋችው በሕልም ምክንያት ነው። በእኛ በካሪያኩ ደሴት ይህ ማንንም አይገርምም። የገረመን፣ በሕልሟ የመጣችው ሴት የእኛ አገር ሰው አለመሆኗ ነው።

ዳኑታ ከፖላንድ ከባሏ ጋር በጀልባ መጣች። ባልየው በጀልባው ሄደ፤ እሷ ቀረች። በቲረል ቤይ ዳርቻ፣ እኔ ጀልባ ከምጠግንበት ዳስ ቀጥሎ ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ሰማያዊ ቀባቻት፤ በሳንቃ ላይም «እውነተኛ የአውሮፓ ምግብ» ብላ ጻፈችና በሩ ላይ ሰቀለችው። ቬርሊን ያኔ ገና ወጣት ነበረች። ሳህን ልታጥብ ገብታ፣ ሳይታወቃት ምድጃው ፊት ቆመች። ጥቅል ጎመን ማኮምጠጥ፣ የቀይ ሥር ሾርባ ማጥለል ተማረች። ሊጡን ዳምጦ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ ውስጡን ሞልቶ ጠርዙን በጣት መቆንጠጥ፣ ከዚያ መቀቀልም ተማረች። ይህን የመጨረሻውን ፒየሮጊ ይሉታል። ሰው ሁሉ ለእሱ ነበር የሚመጣው።

ውስጡ የሚገባው ድንች ነው። ድንች ግን ከዋናው ደሴት በመርከብ ይመጣል፣ መርከቡም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የዳቦ ፍሬ፣ በየጓሯችን ዛፍ ላይ የሚያፈራው ትልቁ አረንጓዴ ፍሬ፣ ነበር። የጀመረችው ራሷ ዳኑታ ናት። እንግዶቹ በልተው «ይሄ ነው እውነተኛው!» ሲሉ ቬርሊን ጓዳ ገብታ አፏን በፎጣ ይዛ ትስቃለች። ዳኑታ ደግሞ ኮስተር ብላ «አመሰግናለሁ፣ ከእናቴ የተማርኩት ነው» ትላቸዋለች።

ባለፈው ዓመት ዝናብ ሲገባ ዳኑታ አረፈች። ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ አልነበረም። እኛው ቀበርናት፤ ምግብ ቤቱም ለቬርሊን ቀረ። እኔም ባለቤቴ ኢስሜይ በዚያው ዝናብ ካረፈች ወዲህ ምሳዬን የምበላው እዚያ ስለነበር፣ በሩ ተዘግቶ ባየሁ ጊዜ አንኳኳሁ።

ቬርሊን ቀዝቃዛው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ታመምሽ?»

«ዳኑታ መጣች፣ ኮምፕተን። ሽርጧን ታጥቃ ጓዳው በር ላይ ቆመችና ‹ቬርሊን፣ ምግቤስ?› አለችኝ።»

ሙት ምግቡን ሲጠይቅ፣ የሱን ሳይሰጡ ለሌላ ሰው እሳት አያነዱም። ይህን ልጅ እንኳ ያውቃል።

«ስጫት እንግዲህ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ምግቧን ነዋ።»

«ምግቧ የቱ ነው?» አለችኝ። ዳኑታ ፒየሮጊውን ለእንግዳ ታበስላለች እንጂ ራሷ ስትበላው ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቀትር ላይ ከጓዳው ጀርባ የጠርሙስ ሣጥን ገልብጣ ትቀመጥና፣ ቬርሊን ለራሷ የሠራችውን ኩኩ፣ የበቆሎውን ገንፎ ማለቴ ነው፣ ከዓሣ ጋር ትካፈላት ነበር። «የኔን ምግብ ቀኑን ሙሉ ሳሸትተው እውላለሁ፤ ያንቺን አምጪ» ትላታለች። እንዲህ ሲኖሩ ዕድሜ አለፈ።

ዓሣ የምትሸጠው ዊልማ ወሬውን ሰምታ ቅርጫቷን እንደያዘች ገባች።

«ነጭ ሙት ደግሞ ምግብ ይጠይቃል እንዴ? የእነሱ ሙታን የሚጠይቁት አበባ ነው!»

«ዳኑታ ታውቅበታለች» አለች ቬርሊን። «በየገናው ዋዜማ አንድ ትርፍ ሳህን ታስቀምጥ አልነበር? ለሙታኗ እኮ ነው። ማንም እንዳይቀመጥበት እኔ ነበርኩ የምጠብቀው።»

እውነቷን ነው። አንድ ገና እኔኑ ከዚያ ወንበር በማማሰያ አስነስታኛለች።

«እንግዲያው ሁለቱንም ሥሪላት፤ ፒየሮጊውንም ገንፎውንም» አለች ዊልማ።

ወደ ታንቲ ኦሬሊያ ሄድን። የመንደሩ ሰው ሁሉ ታንቲ፣ አክስት፣ ይላታል። ለሙታኖቻችን ማዕድ የምታስቀምጠው፣ በልተው ሲጨርሱም «ጨርሰዋል» የምትለው እሷ ናት። የዊልማን ሐሳብ ስትሰማ ምርኩዟን መሬት ላይ መታችው።

«ለአንድ ሙት ሁለት ሳህን? የሠርግ ቤት አደረጋችሁት? ሰው ሲሞት የሚመለሰው ወደ እናቱ ድስት ነው። የእናቷን ሥሪላት፣ ልጄ። ጨው እንዳታስገቢ።»

«ታንቲ፣ ጨው የሌለው ፒየሮጊ ብሰጣት እኮ ፊቴ ላይ ነው የምትወረውረው።»

«ያ በሕይወት ሳለች ነው። ሙት ጨው አይበላም። ከበላ መንገዱ ይጠፋዋል።»

ቬርሊን ሊጡን ዳመጠች። መርከቡ አልመጣም ነበርና ድንች የለም፤ የዳቦ ፍሬውን ፈልጣ ቀቀለችው። እየቆነጠጠች ሳለ ድንገት እጇን አቁማ «በእናቷ ድስት ውስጥ የዳቦ ፍሬ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? በረዶ የሚወርድበት አገር እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው። ውኃ ጣድኩላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ሳህኑን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ መለኪያ ሩም አስቀመጥን፤ ሻማ አበራን። በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው፤ ሙት በር አይገፋምና። ከዚያ ውኃና ሩም መቃብሯ ላይ ልናፈስስና በስሟ ልንጠራት አራታችንም ወጣን። ታንቲ ኦሬሊያ ስሙ ምላሷ ላይ አልገባ ብሏት «ዳ-ኑ-ታ» እያለች፣ ሕፃን እንደምታባብል ጠራቻት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለስን። ጠረጴዛው ጋ ሰው ተቀምጧል።

ዊልማ ጮኸች። ቬርሊን የበሩን መቃን ያዘች። ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ፊቱ በፀሐይ የተጠበሰ፣ ጫማውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር አስቀምጧል። ሹካውን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ይቅርታ። ተጣራሁ፣ ማንም አልመለሰም። በሩ ክፍት ነው፣ ሻማው በርቷል፣ ምግቡ ተቀምጧል…»

«በላኸው?» አለች ታንቲ ኦሬሊያ።

«እየበላሁ ነው።»

«ሩሙንስ?»

ሰውየው ባዶውን መለኪያ አየና አንገቱን ደፋ።

«የመጣኸው በባሕር ነው ከመቃብር?» አለችው ዊልማ።

«ከጀልባዬ ነው። ሌሼክ እባላለሁ። እዚህ ደሴት የፖላንድ ምግብ የምታበስል የአገሬ ሴት አለች ሲሉኝ ጊዜ መልሕቄን ጣልኩ።»

«ሴትዮዋ ሞታለች። የምትበላው የሷን ነው» አለችው ቬርሊን።

ሌሼክ ሹካውን እንደ ጋለ ብረት አስቀመጠ። እኔ ልምዳችንን በአጭሩ ነገርኩት። እያዳመጠ ሳህኑን፣ ሻማውን፣ ከዚያ አንድ በአንድ እኛን ተመለከተ።

«ነጩን ጨርቅና አንዱን ሳህን ሳይ የገና ዋዜማ ማዕዳችን ነበር የመሰለኝ» አለ። «እኛ በዚያ ምሽት አንድ ትርፍ ሳህን እናስቀምጣለን፤ ሳይጠራ ለሚመጣ መንገደኛ።»

ቬርሊን ፊቷ ተለዋወጠ። «ለሙታን አይደለም?»

«ለሙታን የሚልም አለ። እናቴ ‹ለመንገደኛ ነው› ትል ነበር። አባቴ ‹ለሞተው ልጃችን ነው› ይል ነበር። በየዓመቱ ይጨቃጨቁበታል፤ ሳይስማሙ ሞቱ።»

«ዳኑታስ የቱን ነበር የምትለው?» ብሎ ጠየቀን።

ያልጠየቅናትን ከየት እናምጣ? ቬርሊን ወንበር ስባ ከሰውየው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ምግብ አብሳይ ናትና ከሁሉ በፊት ያንን ጠየቀችው።

«እንዴት ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎ?»

«ንገረኝ።»

«ጨው የለውም። ውስጡም ድንች አይደለም፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጠርዙን የቆነጠጠው ሰው ግን ከእኛ ወገን ነው። ይህ የመንደሬ አቆነጣጠጥ ነው።»

«የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ከየት ነዎት?»

«ከዚሁ። ከላይ፣ ከኮረብታው።»

ሌሼክ ሳህኑን እንደገና አየው።

ቬርሊን ወደ ታንቲ ኦሬሊያ ዞረች። «በልታለች ወይስ አልበላችም? ይህን ብቻ ንገሪኝ። ምድጃዬን ላንድ ወይስ አላንድ?»

ታንቲ ጎንበስ ብላ የተረፈውን መረመረች፣ ሻማውን አየች፣ የሰውየውን ጫማም አየች። «እኔ የማውቀው የእኛን ሙታን ነው» አለችና ምርኩዟን አንስታ ወጣች። ዊልማ ሰውየውን «በል ጨርሰው እንግዲህ፣ ግማሽ ሌባ የለም» አለችው። እሱ ግን አንድም አልጎረሰም። በማግስቱ ጀልባው ከባሕረ ሰላጤው ወጥታ ሄደች።

ምድጃው ሳይነድ ቀናት አለፉ። ቱሪስቶች እየመጡ ሳንቃውን አንብበው ይመለሳሉ። ቬርሊን ደፉ ላይ ተቀምጣ ከራሷ ጋር ትሟገታለች፤ እኔም እንጨት እየላግሁ እሰማታለሁ። የዳኑታ ሳህን ለመንገደኛ ከነበረ፣ መንገደኛው በልቶታልና ዳኑታ ደስ ብሏታል። በእኛ መቃብር የተኛች የእኛ ሙት ከሆነች ደግሞ ተሰርቃለች። እውነተኛ ምግቧ ኩኩው ከነበረስ? ያን ጊዜ ሰውየው የበላው የማንንም ምግብ አይደለም። «በየትኛው ልሂድ?» ትለኛለች። መላጊያዬን አቁሜ አስብና እንደገና እልጋለሁ።

አንድ ጠዋት የሽንኩርት ሽታ ወደ ዳሴ መጣ። ሮጬ ብገባ ቬርሊን ምድጃው ፊት ቆማለች፤ ታንቲ ኦሬሊያ ደግሞ በሩ ላይ ሆና ትቆጣታለች።

«ሙት ጨው አይጠይቅም!»

«ሌሊት በሕልሜ መጥታ ጠየቀችኝ።»

«እንግዲያው ዳኑታ አልነበረችም።»

«ሽርጧን ታጥቃ ነበር፣ ታንቲ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። እጇን ዘርግታ ‹ጨው› አለችኝ።»

«ፊቷ የነበረው ምን ነበር? ፒየሮጊው ነው ገንፎው?»

«አላየሁትም። ክንዷ ከልሎታል።»

«እና ምን ገብቶሽ ነው እሳት የምታነጂው?»

ቬርሊን ሽንኩርቱን አማሰለች። «የገባኝ ነገር የለም» አለች። «ግን ጨው የሚጠይቅ ሰው ምግቡ ፊቱ ቀርቦለታል ማለት ነው።»

ታንቲ እያጉረመረመች ሄደች። ቀትር ላይ እንግዶች መጡና ፒየሮጊ በሉ። «ይሄ ነው እውነተኛው!» አለ አንዱ። ቬርሊን እንደ ድሮው ጓዳ ገብታ አልሳቀችም። ኮስተር ብላ «አመሰግናለሁ» አለችው።

እኔ ማታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ኢስሜይ በሕልም መጥታብኝ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ ግን ሳህኗን በየጊዜው አስቀምጣለሁ፤ እንደ ልማዱ ያለ ጨው። ሐኪሙ ጨው ከከለከላት በኋላ ከእኔ እየደበቀች ምግቧ ላይ ትነሰንስ ነበር፤ አይቼ እንዳላየሁ እሆንላት ነበር። ገንፎውን በሳህኑ ገለበጥኩና የጨውን ቆርቆሮ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ጥቂት ጣል አደረግሁበት።

ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። በሩን ክፍት ትቼ ተኛሁ።