አባቴ አልመርቅም ያለው ቢሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የካቲት ውስጥ ነው። ሰው ስለ ሥራዬ በጠየቀኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ማንም ሳይጠይቀኝም ትዝ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ። አባቴን "ልጻፈው ወይ?" ብዬ ጠይቄው "ጻፊው፣ ስሜን ግን ቀይሪው" ስላለኝ፣ የሁላችንንም ስም ቀይሬ ይኸው ጻፍኩት።

ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። የመጀመሪያው ድርጅቴ ለመድኃኒት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም ይሠራ ነበር። የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍ እንደሆነ የሚናገር ነው። ተሳካልኝ። ከጎንደር አልፎ እስከ ወረዳ ከተሞች ገባ፣ በኋላም አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ድርጅት ገዛው። እኔም በሠላሳ አራት ዓመቴ "ከእንግዲህስ ምን ልሥራ?" እያልኩ የምዞር ሰው ሆንኩ።

በዚያ ሥራዬ አባቴ ኩራቱ ለጉድ ነበር። መምህር ታደሰ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ የከተማውን ግማሽ ሰው ሒሳብ አስተምሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያውን ቢሮዬን ስከፍት ድፎውን ባርኮ የቆረሰው፣ ቆሞ የመረቀኝም እሱ ነው። እኛ ቤት ያለ አባት ምርቃት የሚጀመር ነገር የለም፤ ሱቅም ቢሆን፣ ትዳርም ቢሆን።

ሁለተኛውን ሐሳቤን የነገርኩት ከምሳ በኋላ ጋዜጣ እያነበበ ነው።

"አባዬ፣ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ድርጅት ልከፍት ነው። ክራርና ማሲንቆ መማር የፈለገ ሰው በስልኩ ይማራል። ስልኩ አጨዋወቱን ይሰማና እዚህ ጋ ተሳስተሃል ብሎ ያርመዋል።"

መነጽሩን አወለቀ። "ማሲንቆ?"

"አዎ፣ ማሲንቆ።"

"እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ ከአዝማሪ ጋር እንድትውዪ ነው?"

የቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። "ሥሪ፤ ልጅ አይደለሽም፣ አልከለክልሽም። እኔ ግን አልመርቅም። እዚያ ቤትም እግሬን አላስገባም" አለና መነጽሩን መልሶ አደረገ።

እናቴ "ተይው፣ ይበርድለታል" አለችኝ። አልበረደለትም። የመክፈቻውን ቀን ሁለት ጊዜ አራዘምኩት። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ "ዕቃ አልደረሰልንም" እላለሁ። ዕቃውማ ደርሷል። ያልደረሰው አባቴ ነው። እሱ ሳይመርቀኝ በሩን ብከፍተው ሥራው ይሰምርልኛል ብዬ ማመን አቃተኝ፤ ኮምፒውተር ተምሬ እንዲህ ማሰቤ ለራሴም ይገርመኝ ነበር።

ቢሮው ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለ ክፍል ነው። አብሮኝ የሚሠራው ሄኖክ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ጠዋት የገባ ማታ ካልተጎተተ የማይወጣ ልጅ። የክራሩ ክፍል በሁለት ወር አለቀ። ስልኩ ክራርን ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ያርማል። ማሲንቆ ላይ ስንደርስ ተያዝን።

ማሲንቆውን የገዛነው ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። አዲስ ነው፣ ያምራል። ሄኖክ ደጋኑን ክሩ ላይ ሲስበው ግን ሽ... ሽ... ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ጥፋቱ የማይክሮፎኑ ነው አልን። ከአዲስ አበባ ውድ ማይክሮፎን አስመጣን። ሽ... ሽ... አለ። እንግዲያው ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ብለን ሄኖክ ግማሹን አፍርሶ እንደገና ጻፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መስመር ቀጥ ብሎ ተኛ።

"አዝማሪ አትጠይቁም ነበር?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ስሠራ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስምንት ወር ቆሜያለሁ፤ ጥቁር ሸማ የለበሰች እናት ሳትቀር ፋርማሲስት መስያት ስለ ደም ግፊቷ ታማክረኝ ነበር። አንዴ ሲሳካልኝ ግን ዐዋቂ ሆንኩ። "መጀመሪያ እንጨርሰው፣ ከዚያ አዝማሪ እንጠራለን" አልኩ። ፒያሳ ደግሞ ትንሽ ናት፤ አዝማሪ ቢሮዬ ሲገባ ቢታይ ከሰዓት ሳይደርስ አባቴ ጆሮ ይገባል።

አንድ ሐሙስ ቀን እናቴ አዘዞ ለቅሶ ሄደች። የቤቱን ቁልፍ ይዛ ሄዳለች፤ ሌላው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ስልኬ ደግሞ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው አባቴ።

"ቁልፍ ስጪኝ" አለ፣ ከበሩ ውጭ እንደቆመ።

"ግባ እንጂ አባዬ።"

"ቁልፉን ስጪኝ።"

ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ። የእኔ ቦርሳ ደግሞ ያውቀኛል፤ በቸኮልኩ ቀን ምንም ነገር አይሰጠኝም። እኔ ስበረብር ሄኖክ የጀመረውን አላቆመም። ሽ... ሽ... ሽ... አባቴ መጀመሪያ ወደ ደረጃው ዞሮ ቆመ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አልቻለም።

"ኧረ ተው አንተ ልጅ! ምን እያደረግህ ነው?"

ሄኖክ ደንግጦ ተነሣ። "ማይኩ አልሰማ ብሎን ነው ጋሼ።"

"ማይኩ ምን ያድርግህ! ጭራው እጣን አልቀመሰ። በደረቅ ጭራ ማሲንቆ ይጮኻል?"

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሄኖክ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። "እጣን... የሚጨሰው እጣን?"

"ሌላ ምን እጣን አለ? ሂድና ከቅመም ሱቅ ጥቂት ይዘህ ና። ነጩን!"

ሄኖክ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። አባቴ ገባ። እግሬን አላስገባም ያለበት ቤት ውስጥ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማሲንቆውን አንሥቶ ቆዳውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፣ ክሩን አላላ፣ መልሶ ወጠረ። "አባዬ፣ ይህን የት ዐወቅኸው?" ስለው "ዝም በይ" አለኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል በሕይወቴ ሁለተኛዬ ሳይሆን አይቀርም።

እጣኑ መጣ። የደጋኑን ጭራ ከላይ እስከ ታች በእጣኑ አሸው፣ በእጁ ነካክቶ አየው፣ ደግሞ አሸው። ከዚያ ማሲንቆውን ጉልበቱ መሀል አስደግፎ ደጋኑን ሳበው።

ክፍሉ በድምፅ ሞላ። የሠርግ ዜማ ነው የተጫወተው፤ መጀመሪያ ጣቶቹ ተያያዙበት፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ ተቆጣ፣ ከዚያ ፈሰሰለት። ሦስት ሳምንት የተኛው መስመር ስክሪኑ ላይ ተነሥቶ ይዘል ጀመር። ሄኖክ ግን ስክሪኑን አላየም፤ አባቴን ነው የሚያየው። ሠላሳ አምስት ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ!

በመሀል ላይ ቆመ። የት እንዳለ ያኔ ገና ትዝ ያለው መሰለኝ። ሄኖክ ብልጥ ልጅ ነው፤ "ሻይ ላምጣ" ብሎ ወጣ፣ አልተመለሰምም።

አባቴ ማሲንቆውን ሳያስቀምጥ ነገረኝ። የተወለደው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከአዝማሪ ቤት ነው። እኛን ልጆቹን "አባቴ ገበሬ ነበር፣ ወንድም የለኝም" ይለን ነበር። አባቱ አዝማሪ ነበር፤ እሱም እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ሲጫወት ነው ያደገው። ትምህርት ቤት ልጆች "ይህ አዝማሪ" እያሉ አብረውት አይቀመጡም ነበር። ታላቅ ወንድሙ ይርጋ "አንተ ተማር፣ የሁለታችንንም እኔ እጫወታለሁ" ብሎ ጎንደር ላከው። ጎንደር ሲደርስ የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠይቁት የገበሬ ልጅ ነኝ አለ። ያችን ካለ በኋላ መመለሻ አጣ።

"ያን ጊዜ ባሕር ዳር ስብሰባ ብዬ ሦስት ቀን የጠፋሁት ትዝ ይልሻል?" አለኝ። "ስብሰባ አልነበረም። እናቴን ልቀብር ሄጄ ነው።"

ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ይህም ቀላል ነው" አለ። "ሠርጌ ላይ ይርጋ መጥቶ ነበር። እንደ ወንድም አይደለም፤ ወንድሜ ብዬ ልጠራው አፍሬ። ራሱ ነው መላ የፈጠረው፤ 'አዝማሪ አስጠራ፣ እኔ እመጣለሁ፣ ሠርግህን እንዳይ' አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያሞግሰኝ ዋለ። ሰው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። እኔም ተነሣሁ። እንደ ሰው ሁሉ ሄጄ በታላቅ ወንድሜ ግንባር ላይ ብር ለጠፍኩ። አቀርቅሮ 'እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ' አለኝ።"

አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

በመጨረሻ ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ "አየሽ፣ እኔ ይህን ቤት የምመርቅበት አፍ የለኝም" አለ። "መራቂው ዘንድ ልውሰድሽ።"

ማታ ለእናቴ ስነግራት ምንም አልገረማትም። "አንቺ ታውቂ ነበር?" ስላት "የሠርጋችን ዕለት እኮ ነው የገባኝ" አለች። "ዓይናቸው አንድ ነው። እሱ እስኪነግረኝ ብዬ ጠበቅኩ። ጠብቄ ጠብቄ አረጀሁ።" ከዚያ ለይርጋ የሚሆን ጋቢ ከሣጥኗ አወጣች።

ቅዳሜ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠያይቀን አባቴና እኔ በመኪና አምባ ጊዮርጊስ ሄድን። አያ ይርጋን ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺሙ የነጣ ሽማግሌ።

"አያ" አለ አባቴ። አባቴ ለሰው "አያ" ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ ታላቁ እሱ ነው።

ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ አየውና ብድግ አለ። "ምነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ አያ።"

"ታዲያ ምነው እንደ ወትሮህ ሳይመሽ፣ በቀን መጣህ?"

ይህን ሲል አባቴ ወደ መሬት አጎነበሰ፤ እግሩን ሊስም ነው። አያ ይርጋ በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ አነሣውና "ተው፣ ጉልበትህ ያምሃል" አለው። ለረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "መቅደስ ነሽ። የመድኃኒቱን ኮምፒውተር የሠራሽው።"

"በምን ዐወቁኝ?"

"እዚህ መድኃኒት ቤት በሄድኩ ቁጥር 'የመምህር ታደሰ ልጅ የሠራችው ነው' ይሉኛል። ሸጋ ልጅ ናት እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?"

የመክፈቻው ቀን እሑድ ነበር። ቢሮው በሰው ሞላ፤ የአባቴ የድሮ ባልደረቦች፣ የመድኃኒት ቤት ደንበኞቼ፣ ጎረቤት። አያ ይርጋ የእናቴን ጋቢ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጧል። አንዱ ጡረተኛ መምህር ዐወቀው። "እንዴ! አያ ይርጋ አይደሉም? የስንቱን ሠርግ ያደመቁት! እስቲ አንድ ይበሉን" ብሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ማሲንቆ ጠቆመ። አያ ይርጋ ሊነሣ ወንበሩን ያዘ።

አባቴ ቀድሞት ተነሣ። "ዛሬ አይጫወትም" አለ። "ዛሬ የሚመርቀው እሱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን።"

ጡረተኛው መምህር የዘረጋውን እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

አያ ይርጋ ቀስ ብሎ ቆመ። ጋቢውን አስተካከለ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ አሥር ስንኝ የሚያወርድ ሰው ቃል ጠፋው። "ሃምሳ ዓመት ሰው አሞግሻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ቆመህ መርቅ ያለኝ ሰው ግን የለም። ብሳሳት እንዳትስቁብኝ።"

"አሜን!" አለ አባቴ፣ ጮክ ብሎ፣ ምርቃቱ ገና ሳይጀመር። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ አያ ይርጋም ሳቀ፤ ከዚያ መረቀን።

ድርጅቱ ደህና ነው። አያ ይርጋ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ሄኖክንና ስልኩን ያርማል፤ ቂም እንደያዘ አላየሁበትም። አባቴም በቀን፣ ሰው እያየው፣ ወንድሙን አውቶቡስ ድረስ ይሸኛል። ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ያን ሁሉ ሳምንት አዝማሪ ወደ ቢሮዬ ያልጠራሁት አባቴን ፈርቼ ነው እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። አባቴ ምንም ባይል እንኳ አልጠራም ነበር። የመምህር ልጅ፣ ድርጅት ሸጬ የመጣሁ፣ አዝማሪ ፊት ተቀምጬ "አስተምረኝ" ማለት አሳፍሮኝ ነበር። ይህን ለአያ ይርጋ ነግሬው አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ሄኖክ ያነብለታል፤ ያኔ ይሰማዋል።