የበረኛው ጨዋታ

በቀደም ከመቂ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ኳስ ተጫዋች የተቀባው የጡንቻ ቅባት ሸተተኝ። አባቴም እንዲህ ይሸት ነበር።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የታወቀ በረኛ ነበር፤ በኋላ ተዋናይ ልሁን ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ። የመጀመሪያ ድራማው የታየ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ የቀበሌው ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ።

«በረኛሽ ወፍሯል ባክሽ!» አሉ እትዬ ዘነቡ እናቴን። ሰው ሳቀ።

ድራማው ውስጥ አባቴ ተንበርክኮ፣ እጆቹን ዘርግቶ አንዲትን ሕፃን «ነይ፣ አግቢብኝ!» አላት። ሮጣ ደረቱ ላይ ወደቀች። ያ የኔና የእሱ ጨዋታ ነበር።

«ትወና ነው አይደል፣ እማዬ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እሱስ ይተውናል። ልጅቷ ግን የምትተውን አትመስልም።»

ያኔ አልገባኝም። ከሌላ ሴት የወለዳት እህቴ መሆኗን ያወቅሁት አድጌ ነው። መውለዱን እንደምንም ዋጥኩት፤ ጨዋታዬን ለእሷ መስጠቱን ግን እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም።